በሊኑክስና በሌሎች ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የላፕቶፕ ተችፓድን ስለማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ሊኑክስን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ፍሪቢኤስዲን ወይም ኦፕንቢኤስዲን ለሚጠቀሙ ሰዎች ወደ መጨረሻው ገደማ የተለየ መልስ ተቀምጧል። ትዕዛዞችና የፋይል ስሞች እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ ሲገቡ ግን በላቲን ፊደል፣ ክፍተታቸውና ሰረዛቸው ሳይዛነፍ መጻፍ አለባቸው።

ሴቲንጉን ቀይሬ ምንም ለውጥ ያላየሁት ለምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ ትዕዛዙ ስሕተት ስለሆነ ሳይሆን፣ የሚሰማው በሌለበት ቦታ ስለተሰጠ ነው። ጣትዎ ተችፓዱን ከነካበት ቅጽበት አንስቶ ጠቋሚው ስክሪኑ ላይ እስኪንቀሳቀስ ድረስ መረጃው በሦስት እጅ ያልፋል። የመጀመሪያው ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ በድራይቨሩ አማካይነት ስንት ጣት እንዳረፈና እያንዳንዱ ጣት የት እንዳለ ያነብባል፣ ያነበበውንም «ዴቭ» በሚባለው ፎልደር ሥር «ኢንፑት» ውስጥ፣ «ኢቨንት» የሚል ስምና ቁጥር ባላቸው ፋይሎች በኩል ያወጣዋል። ከርነሉ ግን ሁለት ጣት አብሮ ወደ ታች ሲወርድ ስክሮል ይሁን ወይስ ሌላ ነገር ብሎ አይፈርድም። ፍርዱ የሁለተኛው እጅ፣ ማለትም ሊብኢንፑት የሚባለው ላይብረሪ ነው፤ መታ ማድረግን፣ ስክሮልን፣ መዳፍን ከጣት መለየትን የሚወስነው እሱ ነው። ሦስተኛው እጅ ዴስክቶፑ ነው፤ መስኮቶችን ስክሪን ላይ ከሚያሳዩት ሁለት ሥርዓቶች በአዲሱ፣ በዌይላንድ፣ መስኮቶቹን አቀናጅቶ የሚያሳየው ኮምፖዚተሩ፣ በቀድሞው፣ በኤክስኦርግ፣ ደግሞ የኤክስ ሰርቨሩ ከነድራይቨሩ ሊብኢንፑትን ጠርቶ «ይህን አብራ፣ ያንን አጥፋ» የሚለው እሱ ነው።

ሰዎችን በብዛት የሚያሳስተው፣ ሊብኢንፑት የተጠቃሚውን ምርጫ የሚያነብበት የራሱ ፋይል የሌለው መሆኑ ነው። ምርጫው የሚቀመጠው በሦስተኛው እጅ ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ለኤክስኦርግ የተጻፈ ፋይል ዌይላንድ ላይ ማንም አያነብበውም፣ ግኖም ለተባለው ዴስክቶፕ የተሰጠ ትዕዛዝም ስዌይ የተባለውን ሌላ ዴስክቶፕ አይመለከተውም። ማንኛውንም ምክር ከመከተልዎ በፊት ምክሩ ለየትኛው እጅ እንደተጻፈ ይለዩ።

ያለሁት ዌይላንድ ላይ ይሁን ኤክስኦርግ ላይ እንዴት አውቃለሁ?

ተርሚናል ከፍተው «ኤኮ» ብለው፣ ከዚያም የዶላር ምልክት አስቀድመው «ኤክስዲጂ ሴሽን ታይፕ» የሚለውን በትልልቅ ፊደልና ቃላቱን በታች ሰረዝ በማያያዝ ይጻፉ። መልሱ «ዌይላንድ» ወይም «ኤክስ11» (ኤክስኦርግ ማለት ነው) ይሆናል።

መልሱ ዌይላንድ ከሆነ «ኤክስኢንፑት» የሚባለውን ትዕዛዝ ይርሱት። አደገኛነቱ ስሕተት የማያወጣ መሆኑ ነው፤ ትዕዛዙ በሰላም ይሄዳል፣ ዝርዝርም ያሳያል፣ ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ ያሉት «ኤክስዌይላንድ ፖይንተር» የሚል ስም ያላቸው ምናባዊ መሣሪያዎች ናቸው እንጂ እውነተኛው ተችፓድ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ምሽት እነዚህን ምናባዊ መሣሪያዎች ሳስተካክል አሳልፌ፣ በማግስቱ ነው ሴሽኑ ዌይላንድ መሆኑን ያየሁት።

ተችፓዴ ምን ምን እንደሚችል የሚነግረኝ ትዕዛዝ አለ?

አለ። የሊብኢንፑት መገልገያዎች ፓኬጅ ኢንስቶል ከተደረገ በኋላ፣ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) «ሊብኢንፑት ሊስት ዲቫይስስ» ሲባል (የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት በሰረዝ ይያያዛሉ) እያንዳንዱ መሣሪያ ከነችሎታው ይዘረዘራል። ከተችፓዱ ስም ሥር ስፋቱ በሚሊሜትር፣ መታ በማድረግ ክሊክ ማድረግ የበራ ወይም የጠፋ መሆኑ፣ የስክሮል ዘዴዎቹና የክሊክ ዘዴዎቹ ይታያሉ። ኮከብ ያለበት ምርጫ መነሻው ነው፤ «ኤን» እና «ኤ» በአግድም መስመር ተለያይተው ከተጻፉበት ግን መሣሪያው ያንን ነገር ጭራሽ አይችልም ማለት ስለሆነ፣ ሴቲንግ በመፈለግ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ይህ ዝርዝር የሚያሳየው የሊብኢንፑትን መነሻ ምርጫ እንጂ ዴስክቶፕዎ አሁን ያዘዘውን አለመሆኑን ልብ ይሏል። በሴቲንግስ ውስጥ መታ ማድረግን አብርተው ሳለ ዝርዝሩ «ጠፍቷል» ቢል ተቃርኖ የለውም። «ሊብኢንፑት ዲበግ ኢቨንትስ» የሚለው ትዕዛዝም እንዲሁ ከዴስክቶፑ ተለይቶ ይሠራል፤ ይህ መለየቱ ግን ለምርመራ ይጠቅማል። ትዕዛዙን «ኢኔብል ታፕ» ከሚል አማራጭ ጋር አስነስተው ተችፓዱን መታ ሲያደርጉ የ«ፖይንተር በተን» መስመር ከወጣ፣ መሣሪያውም ሊብኢንፑትም ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱ ያለው ዴስክቶፑ ዘንድ ነው። መስመሩ ካልወጣ ደግሞ የዴስክቶፕ ሴቲንግ መነካካቱ ከንቱ ድካም ነው።

መታ በማድረግ ክሊክ ማድረግ ለምን በራሱ በርቶ አይመጣም?

ሊብኢንፑት ሆን ብሎ በአብዛኞቹ ተችፓዶች ላይ አጥፍቶ ይተወዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መታ ማድረግ የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ሰው ሳያስበው ክሊክ ሲሆንበት ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የሚያውቅና የሚፈልግ ሰው ግን የት እንደሚያበራው ፈልጎ ያገኛል። ቁልፍ የሚባል ነገር በሌላቸው፣ በመታ ካልሆነ በቀር ክሊክ ማድረግ በማይቻልባቸው መሣሪያዎች ላይ ግን ከመነሻው የበራ ነው። ውሳኔው ምክንያታዊ ነው እላለሁ፤ ይሁንና አዲስ ሥርዓት ኢንስቶል ባደረግሁ ቁጥር መጀመሪያ የምቀይረው ይህንኑ ነው።

በግኖምና ኬዲኢ በተባለው ሌላ ዴስክቶፕ የሴቲንግስ መስኮት ውስጥ የተችፓድ ገጽ ላይ ማብሪያው ይገኛል። በተርሚናል ለሚሠሩ፣ በግኖም «ጂሴቲንግስ ሴት» ብለው «ኦርግ ግኖም ዴስክቶፕ ፔሪፈራልስ ተችፓድ» የሚለውን በነጥብ እያያያዙ ከጻፉ በኋላ፣ «ታፕ ቱ ክሊክ» በሰረዝ ተያይዞ «ትሩ» ይከተላል። ስዌይ ላይ ደግሞ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ኢንፑት» ካሉ በኋላ ዓይነቱን «ተችፓድ» ብለው በመግለጽ፣ በቅንፉ ውስጥ «ታፕ ኢኔብልድ» ይጽፋሉ፤ ኮንፊጉን ዳግም ሲያስነብቡት ይሠራል።

አንድ ጣት የግራ፣ ሁለት ጣት የቀኝ፣ ሦስት ጣት የመካከለኛው ቁልፍ ክሊክ ይሆናል። የሁለቱንና የሦስቱን ጣት ትርጉም ማቀያየር ለሚፈልጉ፣ ቅደም ተከተሉን «ኤልኤምአር» (ግራ፣ መካከለኛ፣ ቀኝ) ማድረግ ይቻላል። ጣትዎ ከ180 ሚሊሰከንድ በላይ ካረፈ ግን መታ ማድረግ መሆኑ ይቀርና ማሳረፍ ይሆናል፤ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጣታቸውን ዘግይተው የሚያነሡ ናቸው።

ኤክስኦርግ ላይ ያስተካከልሁት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ለምን ይጠፋል?

በኤክስኢንፑት የተሰጠ ለውጥ ዕድሜው የሴሽኑን ያህል ብቻ ነው፤ ለሙከራ ይጠቅማል እንጂ አይቀመጥም። ሲሞክሩም መሣሪያውን በቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ይጥሩት፤ ዛሬ 12 የነበረው ቁጥር ነገ 14 ሊሆን ይችላልና።

ቋሚ እንዲሆን «ኢቲሲ» ውስጥ ባለው «ኤክስ11» ፎልደር ሥር፣ «ኤክስኦርግ ነጥብ ኮንፍ ነጥብ ዲ» በሚባለው ቦታ አዲስ ፋይል ይፍጠሩ፤ ከሌለም ፎልደሩን ራሱን ይፍጠሩት። የፋይሉ ስም በ«ነጥብ ኮንፍ» ካላለቀ አይነበብም። ይዘቱ «ኢንፑትክላስ» የሚባል አንድ ክፍል ነው፦ በውስጡ መለያ ስም፣ «ማችኢዝተችፓድ» የሚል ቃል ከ«ኦን» ጋር፣ ድራይቨሩ ሊብኢንፑት መሆኑን የሚገልጽ መስመር፣ ከዚያም «ኦፕሽን» እያሉ የሚጀምሩ መስመሮች ይገባሉ፤ ለምሳሌ «ታፒንግ» እና «ናቹራልስክሮሊንግ»፣ ሁለቱም «ኦን» ተብለው። ከእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያ ቃልና «ኢንድሴክሽን» ከሚለው መዝጊያ በስተቀር ስምም ዋጋም እያንዳንዳቸው በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ መሆን አለባቸው። በ«ዩኤስአር» ሥር ተቀምጦ የሚመጣውን «40 ሊብኢንፑት» የተሰኘ ፋይል አይንኩት፤ ፓኬጁ ሲታደስ የጻፉበት ይደመሰሳል።

አንዲት ትምህርተ ጥቅስ ብትጎድል ኤክስ ሰርቨሩ ጭራሽ አልነሣም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሴሽኑ ከመውጣትዎ በፊት ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3ን አብረው ሲጫኑ የጽሑፍ መግቢያ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ነገሩ ከተበላሸ በዚያ ገብተው ፋይሉን ያነሡታል።

ሲናፕቲክስ የሚባለውን የቀድሞ ድራይቨር ልጠቀም?

በእኔ ፍርድ፣ የተለየ ምክንያት ከሌለ አይጠቀሙ። በመጀመሪያ ስሙ አያሳስት፤ ሲናፕቲክስ ተችፓድ የሚሠራ ድርጅት ስም ሲሆን፣ ለኤክስኦርግ የተጻፈው ድራይቨር ግን የሌሎችንም ድርጅቶች ተችፓድ ያንቀሳቅስ ነበር፤ ሊብኢንፑትም የሲናፕቲክስን መሣሪያ ያለ ችግር ያንቀሳቅሳል። የቀድሞው ድራይቨር ዌይላንድ ላይ አይሠራም፣ አዲስ ነገርም አይጨመርበትም። በዚያ ዘመን የተጻፉ መመሪያዎች ግን ዛሬም ይገኛሉ፤ «ሲንክላየንት» የሚል ትዕዛዝ ካዩ ጽሑፉ ለሊብኢንፑት እንዳልሆነ ይወቁ።

ሁለቱ ድራይቨሮች አብረው ኢንስቶል ከሆኑ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ሲናፕቲክስ ነው፤ ፋይሉ በ70 ስለሚጀምር ከ40ው በኋላ ይነበባልና። የትኛው እንደያዘ ለማወቅ የኤክስኦርግን ሎግ ከፍተው «ዩዚንግ ኢንፑት ድራይቨር» የሚለውን ሐረግ ይፈልጉ። ሊብኢንፑት እንዲይዝ ከፈለጉ የሲናፕቲክስን ፓኬጅ ማስወገድ ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ ነው።

ተችፓዴ የተለየ ቁልፍ የለውም፤ ራይት ክሊክ እንዴት ላድርግ?

ይህ ዓይነቱ ክሊክፓድ ይባላል፤ ገጹ በሙሉ እንደ አንድ ቁልፍ ወደ ታች ይወርዳል። ቁልፉ አንድ ስለሆነ ግራና ቀኙን የሚለየው ሶፍትዌሩ ሲሆን፣ ለዚህም ሁለት ዘዴ አለ። የመጀመሪያው ከታች ያለውን ጠባብ ረድፍ በምናብ ከፋፍሎ፣ በቀኙ በኩል ሲጫኑ ራይት ክሊክ ማድረግ ነው። ሁለተኛው «ክሊክፊንገር» ይባላል፤ የትም ይጫኑ የት፣ ወሳኙ ተችፓዱ ላይ ያረፉት ጣቶች ብዛት ነው። የአፕል ላፕቶፖች ከመነሻው ሁለተኛውን ይከተላሉ።

አዲስ ላፕቶፕ ገዝተው «ራይት ክሊኩ ተበላሽቷል» የሚሉ ሰዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ዴስክቶፑ አንዱን ዘዴ ሲጠብቅ እጃቸው ሌላውን ለምዷል። በኤክስኦርግ «ክሊክሜተድ» የሚለው ኦፕሽን፣ በግኖም ደግሞ «ክሊክ ሜተድ» የሚለው ቁልፍ ይህንን ይቀይራል።

ስክሮሉ ይፈጥናል፤ አቅጣጫውም ተገልብጧል። ምን ይደረግ?

አቅጣጫው ቀላል ነው፤ ጣት ገጹን እንደያዘ አድርጎ የሚጎትተው ዘዴ «ናቹራል ስክሮሊንግ» ይባላል፣ በሁሉም ዴስክቶፖች ላይ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። ፍጥነቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊብኢንፑት ጣት የተጓዘውን ርቀት ያስተላልፋል እንጂ የስክሮል ፍጥነት መለኪያ የለውም፤ የሚያበዛው ወይም የሚቀንሰው ዴስክቶፑ ነው። ስዌይ «ስክሮል ፋክተር» የሚል ቁጥር ይቀበላል፤ ኬዲኢም ማንሸራተቻ አለው። በኤክስኦርግ «ስክሮልፒክስልዲስታንስ» የሚለው ኦፕሽን መነሻው 15 ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ስክሮሉ ይዘገያል።

ጣት ከተነሣ በኋላ ገጹ እየተንሸራተተ መቀጠሉ ደግሞ የየፕሮግራሙ ሥራ ነው። ስለዚህ ብራውዘሩ ሲንሸራተት ተርሚናሉ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ ይህን የሚያስተካክል የተችፓድ ሴቲንግ አይፈልጉ፤ የለምና።

ስጽፍ ጠቋሚው ሌላ መስመር ላይ ዘልሎ ይገኛል። እንዴት ላስቁመው?

በሚጽፉበት ጊዜ ተችፓዱን የሚያጠፋው ምርጫ ከመነሻው የበራ ነው፤ ከመጨረሻው ፊደል በኋላም ከግማሽ ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ ንክኪን ችላ ይላል። ሺፍትና ኮንትሮልን የመሰሉ ቁልፎች አይቆጠሩም፤ ኮንትሮል ይዞ ክሊክ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በኪቦርድና በተችፓድ በአንድ ላይ ጌም ለሚጫወት ሰው ግን ይህ ምርጫ እንቅፋት ስለሆነ ማጥፋቱ ይሻላል።

ምርጫው በርቶ እያለ ጠቋሚው የሚዘልል ከሆነ፣ ኪቦርድዎን የሚያቀያይር ፕሮግራም መኖሩን ይመርምሩ። ለምሳሌ ኪይዲ የተሰኘው ፕሮግራም እውነተኛውን ኪቦርድ ይዞ በምትኩ ምናባዊ ኪቦርድ ይፈጥራል፤ ሊብኢንፑት ደግሞ ይህን አዲስ ኪቦርድ ከላፕቶፑ አካል ስለማይቆጥረው ተችፓዱን አያጠፋም። መፍትሔው «ኢቲሲ» ውስጥ፣ «ሊብኢንፑት» በሚባል ፎልደር ሥር፣ «ሎካል ኦቨራይድስ» የሚል በሰረዝ የተያያዘ ስምና «ክወርክስ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ፈጥሮ፣ በውስጡ የምናባዊውን ኪቦርድ ስም ጠቅሶ «አትር ኪቦርድ ኢንቴግሬሽን» የሚለውን ያለ ክፍተት በመጻፍ «ኢንተርናል» ማለት ነው። ይህ ፋይል የመሣሪያን ጠባይ ለማረም ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ሊብኢንፑት የምርጫ ፋይል የለውም የተባለውን አያፈርስም።

ቻርጀሩ ሲሰካ ጠቋሚው ይንቀጠቀጣል። የትኛውን ሴቲንግ ልቀይር?

የትኛውንም። ተችፓድ ጣትን የሚያውቀው በጣም ጥቃቅን የሆነ የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለካት ነው፤ የመሬት መስመር የሌለው ወይም ጥራቱ የወረደ ቻርጀር ሲሰካ የሚመጣው ረብሻ ከጣት ምልክት ጋር ይቀላቀላል። ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ «ሊብኢንፑት ዲበግ ኢቨንትስ»ን አስነስተው አንድ ጣትዎን ሳያንቀሳቅሱ ያሳርፉ። የ«ፖይንተር ሞሽን» መስመሮች መውረድ ከጀመሩ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ መስመሮቹ ወዲያው ካቆሙ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የሶኬቱ ነው። በሌላ እጅ የላፕቶፑን ብረት ሲነኩ መቀነሱም ያንኑ ያመለክታል። መሬት ያለው ሶኬትና ደኅና ቻርጀር እንጂ ኮንፊግ አያድነውም።

ተችፓዱ ጭራሽ አይታወቅም፤ ወይም ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ይሞታል።

አስቀድመው በኪቦርዱ ላይ ያለውን የተችፓድ ማጥፊያ ይሞክሩ፤ ሳያውቁ መጫን የተለመደ ነው። ከዚያ «ፕሮክ» ውስጥ «በስ»፣ «ኢንፑት»፣ «ዲቫይስስ» ብለው የሚያገኙትን ፋይል ያንብቡ። እዚያ ስሙ ከሌለ ከርነሉ ራሱ አላየውም፤ ሊብኢንፑትንና ዴስክቶፑን መውቀስ አይገባም።

የቀድሞዎቹ ተችፓዶች ፒኤስ/2 በተባለ መገናኛ፣ የአሁኖቹ ደግሞ በአብዛኛው አይ2ሲ በተባለው በኩል ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛሉ። ከእንቅልፍ በኋላ የሞተ የፒኤስ/2 ተችፓድ ብዙ ጊዜ «ፒኤስማውስ» የሚባለውን ሞጁል (የከርነሉን ተነቃይ ክፍል) በ«ሞድፕሮብ» ትዕዛዝ አውጥቶ መልሶ በማስገባት ይነሣል፤ በአይ2ሲ ለሚገናኘው የሚመለከተው ሞጁል «አይ2ሲ ኤችአይዲ ኤሲፒአይ» ነው። የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው «ዲሜስግ» ውስጥ ተችፓዱ ሌላ መገናኛ መጠቀም እንደሚችል ገልጾ «ሲናፕቲክስ ኢንተርተች»ን 1 አድርገው እንዲሞክሩ የሚጋብዝ መስመር ካገኙ፣ ግብዣውን መቀበል ያዋጣል፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የጣት አከታተሉ በግልጽ ይሻሻላል።

በሦስት ጣት ዎርክስፔስ (የመስኮቶች ስብስብ) መቀያየር ይቻላል?

ግኖም ከ40ኛው ዕትሙ፣ ማለትም ከ2021 ጀምሮ፣ በዌይላንድ ላይ ይህንን ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ያደርጋል፤ ኬዲኢም በዌይላንድ ላይ የራሱ አለው። ሊብኢንፑት እንቅስቃሴውን ለይቶ ያሳውቃል እንጂ ምን ይደረግ የሚለውን ለዴስክቶፑ ይተዋል። በኤክስኦርግ ላይ ተችኤግ ወይም ፉሱማ የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ክፍተቱን ይሞላሉ።

ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ላይስ?

በፍሪቢኤስዲ የፒኤስ/2 ተችፓድ የሚነዳው «ፒኤስኤም» በሚባለው ድራይቨር ነው። ተችፓዱ እንደ ተራ ማውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ «ቡት» ውስጥ ባለው «ሎደር ነጥብ ኮንፍ» ላይ «ኤችደብሊው ፒኤስኤም ሲናፕቲክስ ሰፖርት» የሚለውን በነጥብና በታች ሰረዝ በተገቢው ቦታ አያይዞ 1 ማድረግ ይገባል፤ ኤላንቴክ የተባለው ድርጅት ለሚሠራው መሣሪያም አቻው አለ። ለአይ2ሲ ተችፓዶች የተጻፈው ድራይቨር ከ13ኛው ዕትም ጀምሮ ከሥርዓቱ ጋር ይመጣል። ከዚያ በላይ ያለው ሊብኢንፑት ስለሆነ፣ የኤክስኦርጉ ፋይል ሳይቀየር ያገለግላል።

ኦፕንቢኤስዲ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ጣትን የመተርጎሙን ሥራ ከርነሉ ውስጥ ያለው «ደብሊውኤስማውስ» ራሱ ይሠራል። በመሆኑም «ደብሊውኤስኮንስሲቲኤል» በሚለው ትዕዛዝ «ማውስ ነጥብ ቲፒ ነጥብ ታፒንግ»ን 1 ሲያደርጉ መታ ማድረግ ወዲያው ይበራል፤ ያንኑ መስመር በ«ኢቲሲ» ውስጥ ባለው የትዕዛዙ ስም በተሰየመ የኮንፍ ፋይል ላይ ሲጽፉት ይጸናል። ኤክስ ሰርቨሩ ተነሣም አልተነሣም ለውጡ ስለማይቀር፣ ከሊኑክሱ ሦስት እጅ ይልቅ ይህ አሠራር ለማስረዳት ይቀልላል።